ጅማ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ፦ ለማኅበረሰብ ነርሶች የልየታ መመሪያ

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሚኒባስና አይሱዙ ሲጋጩ፣ የአዌቱ ወንዝ በነሐሴ ሌሊት ሞልቶ ቤት ሲገባ፣ ገበያ ውስጥ እሳት ሲነሣ ወይም የሕንጻ መወጣጫ ከነሠራተኞቹ ሲደረመስ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ከጎረቤት ቀጥሎ የምትጠራው ደግሞ በቀበሌው የምትሠራው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የቅርቡ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አምቡላንሱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ የእሷ ነው። ቤት ለቤት በመዞሯም ሌላ ማንም የሌለው እውቀት አላት፦ በየትኛው ቤት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አዛውንት እንዳሉ፣ ማን ዘጠነኛ ወሯን እንደያዘች፣ ማን ኢንሱሊን እንደሚወጋ ታውቃለች። አደጋ ሲደርስ ይህ እውቀት ከፋሻው እኩል ሕይወት ያድናል።

ልየታ ማለት ብዙ ሰው ሲጎዳ ማን ቀድሞ መታከም እንዳለበት በፍጥነት መለየት ነው። በተራ ቀን ጎበዝ ነርስ የምትባለው በሽተኛዋን ጥላ የማትሄደው ናት። ብዙ ሰው በወደቀበት ሜዳ ግን ይኸው መልካም ልማድ ሰው ያስገድላል። ከመጀመሪያው ቁስለኛ ጋር ተንበርክካ ፋሻ ስትጠመጥም፣ አሥር ሜትር ርቆ የወደቀው ሰው ደሙ ፈስሶ ያልቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ለአንድ ሰው የሚሰጠው ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ነው። በዚህ ዙር የሚፈቀደው ሕክምናም ሦስት ብቻ ነው፦ የአየር መተላለፊያ መክፈት፣ የሚንዠቀዠቅ ደም ማቆም፣ ራሱን ስቶ የሚተነፍሰውን በጎኑ ማስተኛት። ግሉኮስ መሰካት፣ ቁስል ማጠብ፣ ስብራት ማሰር ሁሉም ይቆያሉ።

አስቀድሞ የሚዘጋጅ

ቦርሳው ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይፈተሽ። ለአንድ ነርስ ቢያንስ እነዚህ ይኑሩ፦ 20 ጥንድ ጓንት፣ 10 ፋሻ፣ በቂ ጎዝ፣ 4 ቱርኒኬት (እጅ ወይም እግር ላይ ጠብቆ ታሥሮ ደም የሚያቆም መቀነት)፣ ልብስ የሚቆርጥ ጠንካራ መቀስ፣ በሦስት መጠን የአፍ የአየር ቱቦ፣ ፊሽካ፣ በግንባር የሚታሠር ባትሪ ከትርፍ ድንጋዩ ጋር፣ 2 የማይለቅ ማርከር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር እና እርሳስ። እርሳሱን አትናቁት፤ ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፣ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።

የታተመ የልየታ ካርድ ከሌለ ከጨርቅ ተራ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ጥቁር ጨርቅ አንድ አንድ ሜትር ግዙ። በ5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲቀደድ ከእያንዳንዱ 20 ቁራጭ ይወጣል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ጫፍ ላይ ቁጥር ጻፉ፦ ቀይ 1 (አሁኑኑ መታከም ያለበት)፣ ቢጫ 2 (ጥቂት ሊቆይ የሚችል)፣ አረንጓዴ 3 (መራመድ የሚችል)፣ ጥቁር 0 (እስትንፋስ የሌለው)። ቁጥሩ የሚያስፈልገው በሌሊት ነው። በደካማ ባትሪ ብርሃን በጭቃ የተለወሰ አረንጓዴና ጥቁር አንድ ይመስላሉ። ጨርቁ የሚታሠረው ቀኝ እጅ አንጓ ላይ ነው፤ ቀኙ ከተጎዳ ግራው ላይ። ልብስ ላይ ማሠር ስሕተት ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ልብሱ ተቆርጦ ይጣላል፣ ምልክቱም አብሮ ይሄዳል።

ብዙ ነርሶች የማያስቡት የዕቃ ግምጃ ቤት ደግሞ የሰፈሩ እድር ነው። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ቃሬዛ አለው፣ ምንጣፍ አለው፣ ሰው የሚጠራ ሰውም አለው። ከእድሩ ዳኛና ከንብረት ያዡ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በሌሊት ማን ጋ እንደሚገኝ በስም እወቁ። የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያም ሕዝብን ከአንድ አደገኛ መንገድ ለመመለስ ከማንኛውም ስልክ ይፈጥናል። የወረዳውን አምቡላንስ ሹፌር፣ የቀይ መስቀልን፣ የፖሊስን፣ የእሳት አደጋን፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልንና የሸነን ጊቤ ሆስፒታልን ድንገተኛ ክፍል ቁጥሮች በስልካችሁ ብቻ አትያዙ፤ ባትሪው ሲያልቅ ቁጥሩም ይጠፋልና በቦርሳው ክዳን ውስጥ ለጥፏቸው። በየሦስት ወሩ እየደወላችሁ መሥራታቸውን አረጋግጡ።

ከዚያ ደግሞ የተጋላጮች ዝርዝር አለ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ያለ ሰው እርዳታ ከቤት የማይወጡ፣ ከሰባት ወር በላይ እርጉዞች፣ አራስ ያለባቸው ቤቶች፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች። የኋለኞቹ ምሥጢር ስለሆነ በስም ሳይሆን በቤት ቁጥርና ነርሷ ብቻ በምታውቀው ምልክት ይያዝ።

ስትደርሱ፦ መጀመሪያ ቁሙ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራትቶ ሰው ሲቀብር፣ ጎረቤት ለማውጣት ተሯሯጠ። በቁፋሮ ላይ ሳለ ሁለተኛው ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰዎች ባለቁበት በዚያ አደጋ ከሞቱት ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የሄዱ ናቸው። በዴዶ አቅጣጫ ባሉት ተዳፋቶችም ሆነ አፈሩ ዝናብ በጠጣ ማንኛውም ገደል ሥር ይህ ሊደገም ይችላል። ስለዚህ ከ30 እስከ 50 ሜትር ርቃችሁ ቁሙና ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን ተመልከቱ። ከላይ አዲስ ስንጥቅ ወይም የሚንከባለል ጠጠር አለ? የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? ነዳጅ ይሸታል? ውኃው እየጨመረ ነው? ከእነዚህ አንዱ ካለ ወደ ቁስለኛው አትሂዱ፤ መራመድ የሚችሉትን በድምፅ ወደ እናንተ ጥሩ። ጎርፍ ከጉልበት በላይ ከሆነና ከፈሰሰ አዋቂን ይጥላል፣ በእግር አትግቡበት።

ከዚያ ቁጠሩ። ትክክለኛው ቁጥር አያስፈልግም፤ «ወደ 20 የሚሆኑ፣ አምስቱ አይንቀሳቀሱም» ይበቃል። ወዲያው ደውሉ። ስልክ ላይ የሚነገረው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ የብዙ ሰው አደጋ መሆኑ፣ ቦታው፣ የአደጋው ዓይነት፣ ያለው ስጋት፣ የመግቢያ መንገድ፣ የተጎጂዎች ግምት፣ የደረሰና የሚያስፈልግ እርዳታ። ከሁሉም በላይ የሚበላሸው ቦታው ነው። «ቆጪ ነው» ብሎ የሰፈር ስም ብቻ መጥራት ለአምቡላንስ ሹፌር ምንም አይነግረውም። የሚታወቅ ማደያ፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ጥሩ፤ ከአዌቱ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ የትኛው ድልድይ እንደሚያሳልፍ ተናገሩ። አንድ ወጣት ዋናው መንገድ ዳር ቆሞ አምቡላንሱን እንዲቀበል ላኩ። ያልጠራችሁት እርዳታ አይመጣም፤ ስለዚህ ይህ ደውል ከመጀመሪያው ቁስለኛ ይቀድማል፣ ሁለት ደቂቃ ቢወስድም እንኳ።

ልየታው ራሱ

እዚህ የምናቀርበው ስታርት የሚባለውን የልየታ (ትሪያጅ) አሠራር ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆግ ሆስፒታልና የኒውፖርት ቢች እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ያወጡት ሲሆን መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጆሮ፣ ዓይንና ሁለት ጣት ይበቃዋል።

በመጀመሪያ ጮክ ብላችሁ «መራመድ የምትችሉ ሁሉ ወደዚህ ዛፍ ኑ!» በሉ። ወዲያው በኦሮምኛ ድገሙት፦ «ከን ዴሙ ደንዴሰን ገረ ከነ ኮታ!» በጅማ ዙሪያ በአንድ ቋንቋ ብቻ መጥራት ማለት ግማሹን ተጎጂ አልጠራሁም ማለት ነው። ተነሥተው የመጡት ሁሉ ለጊዜው አረንጓዴ ናቸው። እነሱን የሚጠብቅ አንድ ኮስታራ ሰው፣ አስተማሪ ወይም የእድር ሽማግሌ፣ አቁሙላቸው፤ አለበለዚያ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ባጃጅ ይዘው ሆስፒታል ይሞላሉ፣ ቀዮቹ ሲደርሱ አልጋ አይኖርም።

አሁን ከቆማችሁበት ጀምራችሁ በቅርብ ወዳለው ሂዱ። ወደሚጮኸው አትሂዱ፤ የሚጮኽ ሰው እየተነፈሰ ነው። በእያንዳንዱ ሰው ላይ ሦስት ነገር በተራ ታያላችሁ።

እስትንፋስ። አይተነፍስም? አንገቱን ብዙ ሳታንቀሳቅሱ አገጩን አንሡ፣ አፉ ውስጥ ያለውን ጭቃ ወይም ጥርስ አውጡ። አሁንም ካልተነፈሰ ጥቁር ጨርቅ አሥራችሁ እለፉ። መተንፈስ ከጀመረ ቀይ ነው፣ በጎኑ አስተኙት። የሚተነፍስ ከሆነ ለ15 ሰከንድ ቁጠሩ፤ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በደቂቃ ከ30 አልፏል ማለት ነውና ቀይ። ደረትን እያዩ መቁጠር በወፍራም ጋቢ ላይ ያሳስታል፣ እጃችሁን ሆዱ ላይ አኑሩ።

የደም ዝውውር። የእጅ አንጓ ላይ ትርታ ፈልጉ። ከሌለ ቀይ። ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ ደም ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ መውሰዱን ማየትም ይቻላል፤ ነገር ግን በብርድ፣ በጨለማና በዝናብ ይህ ምልክት አይታመንም፣ የአንጓውን ትርታ እንመርጣለን። የሚንዠቀዠቅ ደም ካያችሁ እዚሁ ላይ አቁሙት።

አእምሮ። ቀላል ትእዛዝ ስጡ፦ «እማማ፣ ዓይንዎን ይግለጡ፤ እጄን ይያዙኝ።» በኦሮምኛ «ኢጀ ኬ በኒ»፣ «ሀርከ ኮ ቀቢ»። ካልታዘዘ ቀይ። በሌላ ቋንቋ፣ በዳውሮኛ ወይም በካፍኛ የሚናገር ሰው ትእዛዙ ስላልገባው ብቻ ቀይ እንዳይሆን በእጃችሁ አሳዩት። የመስማት ችግር ያለበትም እንዲሁ።

ሦስቱንም ያለፈ ግን መራመድ ያልቻለ ቢጫ ነው። የጭኑ አጥንት የተሰበረ፣ ሆዱ የሚያመው፣ ጀርባው የደነዘዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ይገባል።

በጥቁሩ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። በተራ ቀን ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እንጫናለን። ብዙ ሰው በተጎዳበት ቦታ አንዲት ነርስ ደረት መጫን ከጀመረች ለሌላው ሁሉ የለችም፤ በአደጋ ጉዳት ልቡ ከቆመ ሰው በዚህ መንገድ የሚመለሰው ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። ቤተሰቡ እያለቀሰ «እሱን ተዪው?» ሲል የሚያሳምም መሆኑን እናውቃለን። መልሱ አጭርና ቅን ይሁን፦ «እስትንፋስ የለውም፣ የመተንፈሻ መንገዱን ከፍቼ አየሁት። ተመልሼ አየዋለሁ።» እውነትም ተመለሱ፤ እጅ ሲበዛ እና ቀዮቹ ሲነሡ እንደገና ይታያል።

ደም የማቆም ሥራ

ከክንድና ከእግር ለሚፈስ ደም ጎዝ ወይም ንጹሕ ጨርቅ አኑራችሁ በመዳፍ ተጫኑ፤ ከዚያ አጠገብ የቆመውን ጎረምሳ እጁን አስይዛችሁ «10 ደቂቃ እንዳትለቅ፣ እያነሣህም አትይ» በሉት። ጨርቁን እያነሡ ማየት የረጋውን ደም ይቀድደዋል።

በመጫን ካልቆመ ወይም እጅ ወይም እግር ከተቆረጠ ቱርኒኬት። ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን ይታሠር። ከሌለ ነጠላ ወይም ሻሽ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰፍቶ እንዲታጠፍ አድርጉና አጥብቆ የሚያዞር እንጨት አስገቡበት። ሲባጎ፣ ሽቦና የጫማ ማሠሪያ ጠባብ ስለሆኑ ሥጋና ነርቭ ይቆርጣሉ። ላላ ያለ ቱርኒኬት ደግሞ ከምንም የከፋ ነው፤ የሚመለሰውን ደም ብቻ ይዘጋና ከልብ የሚመጣው መፍሰሱን ይቀጥላል፣ ቁስሉ ጭራሽ ይብሳል። ደሙ እስኪቆም ድረስ ይጥበቅ፤ ያማል፣ ማመሙ ልክ ነው። አንዴ ከታሠረ ሆስፒታል እስኪደርስ አይላላም።

ሰዓቱን ግንባሩ ላይ ወይም ጨርቁ ላይ ጻፉ፤ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» ወይም «ማታ» የሚል ቃል ሳትጨምሩ ግን አትጻፉ። «3፡20» ብቻ ከተጻፈ አንዱ ሐኪም በአገራችን አቆጣጠር፣ ሌላው በስልኩ ሰዓት ያነበዋል፤ ስድስት ሰዓት ይሳሳታል። ቱርኒኬት ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቆይ የእግሩ ዕጣ ስለሚለወጥ ይህ ስሕተት እግር ያስቆርጣል።

ጅማ የቡና አገር ነውና ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና ተነስንሶ ታገኛላችሁ። ከሰው ጋር አትከራከሩ፣ ለመጥረግም ጊዜ አታጥፉ፤ በላዩ ላይ ጎዝ አድርጋችሁ ተጫኑ። በደብተሩ ላይ ግን «ቡና አለበት» ብላችሁ ጻፉ፣ ቁስሉ በሆስፒታል በደንብ መታጠብ አለበትና።

ሕጻናት፣ እርጉዞችና የሚያሳስቱ ጉዳቶች

እስከ ስምንት ዓመት ላሉ ልጆች መለኪያው ይለያል። የማይተነፍስ ልጅ የአየር መተላለፊያው ሲከፈት ካልተነፈሰ ወዲያው ጥቁር አይሆንም፤ ትርታ ካለው አምስት ትንፋሽ ይሰጠዋል። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድማቸው የአየር እጦት ነው፣ ልባቸው የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። መተንፈስ ከጀመረ ቀይ፣ ካልጀመረ ጥቁር። የትንፋሹ ብዛት በደቂቃ ከ15 በታች ወይም ከ45 በላይ ከሆነ ቀይ ነው፤ በ15 ሰከንድ 3 እና ከዚያ በታች ወይም 12 እና ከዚያ በላይ ብላችሁ ያዙት። ትእዛዝ ስለማይገባው ድምፅ ሲሰማ ወይም ሲቆነጠጥ ምን እንደሚያደርግ እዩ፤ እጃችሁን ካልገፋ ወይም ካላለቀሰ ቀይ። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ አረንጓዴው ዛፍ የመጣን ሕጻን ማንም አላየውምና ከአረንጓዴዎቹ ሁሉ አስቀድማችሁ አውርዳችሁ እዩት።

ከአምስት ወር በላይ የሆናት እርጉዝ በጀርባዋ አትተኛ፤ ማሕፀኑ ትልቁን ደም ሥር ይጫነዋል። ወደ ግራ ጎኗ አጋድሏት፣ ጀርባዋ ካጠራጠራችሁ ከነሰሌዳው ዘንበል አድርጉት። እርጉዝ ሴት ብዙ ደም አጥታም ትርታዋና መልኳ ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ ቢጫ ከሆነች ከቢጫዎቹ የመጀመሪያዋ ትሁን።

እሳት ላይ ዋናው ወጥመድ በእግሩ የሚመጣው ሰው ነው። ፊቱ ከተቃጠለ፣ የአፍንጫው ፀጉር ከተለበለበ፣ ምራቁ ጥላሸት ከያዘ ወይም ድምፁ ከሻከረ ቢራመድም ቀይ ነው፤ ጉሮሮው በሰዓታት ውስጥ አብጦ ይዘጋል። የተቃጠለውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ አቀዝቅዙ፣ ከተቃጠለ ሦስት ሰዓት እስካላለፈው ድረስ ይጠቅማል። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና እንቁላል አይቀባ። ትንሽ ልጅ ሰፊ አካሉ ከተቃጠለ ብርድ እንዳይገድለው ቁስሉን እያቀዘቀዛችሁ ሌላውን አካል ሸፍኑ። ስፋቱን ለመገመት የተጎጂው መዳፍ ከነጣቶቹ የአካሉ 1 በመቶ ነው።

ከፍርስራሽ ሥር እግሩ ወይም ጭኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጭኖ የቆየ ሰው ሲያወራ ደህና ይመስላል፤ ድንጋዩ ሲነሣለት ግን ከተቀጠቀጠው ጡንቻ የወጣው ፖታሲየም ልቡን ሊያቆመው ይችላል። የሚቻል ከሆነ ከመነሣቱ በፊት ኖርማል ሳላይን የሚባለው ፈሳሽ ይሰካለት፣ ለአዋቂ በሰዓት 1 ሊትር፣ ለልጅ በኪሎ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር። ሪንገር ላክቴት አይሰጥም፣ ፖታሲየም አለበት። የሚቆፍሩት ሰዎች ይህን አስቀድመው ካልተነገራቸው ተጣድፈው ያነሡታል።

ልየታ አንዴ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ዙር ስትጨርሱ ከቀዮቹ ጀምራችሁ እንደገና ዙሩ፣ ከዚያም በየ15 ደቂቃው። ቢጫ የነበረ ሆዱ እየተነፋ ቀይ ይሆናል፤ አረንጓዴው ዛፍ ሥር የተቀመጠው ጸጥ ያለ ሰው ጸጥ ማለቱ ራሱ ምልክት ነው። ቀለም ሲለወጥ የድሮውን ጨርቅ አትፍቱ፣ አዲሱን ከበላዩ እሠሩ፤ ሆስፒታሉ እየባሰበት መምጣቱን ከጨርቁ ያነባል።

ማን፣ በምን፣ ወዴት

የማቆያ ቦታው ከአደጋው ከፍ ያለ፣ ጭስ ከማይነፍስበት ጎን፣ መግቢያና መውጫው የተለያየ ይሁን። ቀይ ለመኪናው በጣም ቅርብ፣ አረንጓዴ ሩቅ። የእድሩ ድንኳን ለቀይና ቢጫ ይተከል።

ሁሉንም ወደ ሕክምና ማዕከሉ መጫን የተለመደው ስሕተት ነው። ያ ሆስፒታል ከከተማው አልፎ ለደቡብ ምዕራቡ ሁሉ የሪፈራል ቦታ ስለሆነ በተራ ቀንም ባዶ አልጋ አይተርፈውም። ቀይ ወደዚያ፣ ቢጫ በስልክ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ሸነን ጊቤ፣ አረንጓዴ ወደ ጤና ጣቢያ። አደጋው በአጋሮ ወይም በሰቃ ጮቆርሳ መንገድ ላይ ከሆነ ወደ ከተማ መመለስ ሁልጊዜ አጭሩ አይደለም፤ እዚያም ሆስፒታል አለ።

አምቡላንስ አይበቃምና ባጃጅና ፒካፕ ይሠራሉ። ባጃጅ ተቀምጦ መሄድ ለሚችል ብቻ ነው፤ ራሱን የሳተና ጀርባው የተጎዳ ሰው ታጥፎ አይጫንበት። ለእነሱ ፍራሽ የተነጠፈበት ፒካፕ ይሻላል፣ አንገቱን በሁለት የተጠቀለለ ልብስ ደግፋችሁ። ደሙ አልቆም ብሎ ሆስፒታሉ አምስት ደቂቃ ብቻ ከሆነና ያለው ባጃጅ ብቻ ከሆነ ግን አትጠብቁ። ከቀይ ጋር ሁልጊዜ እጁን ቁስሉ ላይ የሚጭን አንድ ሰው ይሂድ።

መውጫው ላይ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ደብተሩን ይዞ ይቁም። የሚጻፈው፦ ተራ ቁጥር፣ ቀለም፣ ስም ወይም ጾታና ግምታዊ ዕድሜ፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ የሚሄድበት፣ ሰዓት። ቤተሰብ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ወዴት ወሰዳችሁት?» ነው። መልስ ካጣ ሆስፒታሎቹን ሁሉ እየዞረ ድንገተኛ ክፍሉን ያጨናንቃል። ይህ ደብተር ያንን ይከላከላል፣ በኋላም ለፖሊስና ለጤና ቢሮ ብቸኛው የተስተካከለ መዝገብ እሱ ይሆናል።

የሞቱትን ከሰው ዓይን በድንኳን ጨርቅ ከልሉ። በአደጋ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ አያመጣምና «ይሸታል፣ በሽታ ያመጣል» ተብሎ ማንነቱ ሳይለይ በጅምላ እንዲቀበር አትፍቀዱ። የኮሌራ ሟች የተለየ ነው፣ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ፊቱን፣ ልብሱንና የተገኘበትን ቦታ ፎቶ አንሡ፣ ቁጥር እሠሩ። የሙስሊም ቤተሰቦች በዚያው ቀን መቅበር ይፈልጋሉ፤ መለየቱን ካፋጠናችሁ ከፖሊስ ጋር ሆኖ ይህን ማክበር ይቻላል። ፎቶው በማንም ስልክ እንዳይዞር አደራ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት

አምቡላንሶቹ ሲሄዱ የማኅበረሰብ ነርሷ ዋና ሥራ ይጀምራል፤ ይህን ክፍል ሌላ ማንም አይሠራላትም። በ24 ሰዓት ውስጥ አረንጓዴ ሆነው ወደ ቤት የገቡትን ሁሉ ከደብተሩ እያያችሁ ጎብኙ። ራሱን ተመትቶ ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ራስ ምታቱ የሚጨምር፣ የሚያንቀላፋ፣ የዓይኑ ብሌን የተለያየ ወይም የሚንቀጠቀጥ ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይመለስ። ቆሻሻ ቁስል ያለው የቲታነስ ክትባቱ ይጠየቅ።

ስብራት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ከሆስፒታል ወጥቶ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ወጌሻውን አትስደቡ፤ ሰውየው ሁለተኛ አይነግራችሁም። ቀርከሃውን ግን እዩ። ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከስብራቱ ቀን ይልቅ ከበረታ ማሠሪያው እዚያው ይፈታና ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ደም ያጣ ጡንቻ በስድስት ሰዓት ገደማ ይሞታል፤ ለነገ የተባለ እግር የሚቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ወጌሻውንም አግኝታችሁ ይህንኑ አሳዩት፣ ብዙዎቹ ሲነገራቸው ይሰማሉ።

ጎርፍ ከሆነ ደግሞ የተፈናቀሉት ትምህርት ቤት ይሰፍራሉ። በሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ፣ መጀመሪያ ላይ ለ50 ሰው ቀጥሎም ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ በሰው 3.5 ካሬ ሜትር ወለል ይታሰብ። ለመጸዳጃና ለወለል አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ይበጠበጥ፣ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ሳታዩ አትቀምሙ፣ በየቀኑም አዲስ ይበጠበጥ። አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ከታየ ልየታው ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ የሚለካው ደሙ ሳይሆን ድርቀቱ ነው። የጠጣው ለሚቆይለት ሰው ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር)፣ ዓይኑ ለጎደጎደና ለሚጠማው በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ በአራት ሰዓት፣ መጠጣት ላቃተው በደም ሥር ሪንገር ላክቴት በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር፦ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው 30ው በግማሽ ሰዓት፣ 70ው በሁለት ሰዓት ተኩል፤ ከዚያ በታች ላለው ሕጻን 30ው በአንድ ሰዓት፣ 70ው በአምስት ሰዓት። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሲገኝ ሪፖርቱ በዚያው ቀን ይሂድ፣ ሁለተኛው እስኪመጣ አይጠበቅ። በመጠለያው ውስጥ የኩፍኝ ክትባት ያላገኙ ልጆች እነማን እንደሆኑ ይለይ። ውኃው ከጎደለ ከሳምንታት በኋላ ወባ ትጠበቃለችና ትኩሳት ያለው ሁሉ በፈጣን ምርመራ ይታይ።

መድኃኒቱ በጎርፍ የተወሰደበት ሰው እንዳለ በዚያ ምልክት በተደረገበት ዝርዝር ፈልጉ። ኢንሱሊን በመጀመሪያው ቀን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በሁለተኛው፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት ሦስተኛው ቀን ሳያልፍ ይተካ። ሰው ፊት በመጠለያው አዳራሽ አትጠይቁ፣ ለብቻ ጥሩ።

ሐዘንተኛን «አታልቅሽ» አትበሉ፤ ውኃ ስጡ፣ ዘመዷን አገናኙ፣ አድምጡ። ከአንድ ወር በኋላም እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላ፣ የአደጋውን ቦታ ማለፍ ያቃተው ወይም ስለ መሞት የሚያወራ ካለ ወደ ሕክምና ማዕከሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይላክ፤ ስለ መሞት የሚያወራው ግን ወሩን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን። በጉብኝት ዝርዝሩ ላይ አስከሬን ያነሡትን ወጣቶች፣ ቁስለኛ የጫኑትን የባጃጅ ሾፌሮችና ያንን ደብተር የያዘውን ልጅ አካቱ። እነሱን ማንም ተጎጂ ብሎ አይመዘግባቸውም።